የስታዲየሙ ጥግ፣ የእናቴ ችግኝ፣ የአባቴ ማቆሚያ

እናቴና አባቴ የተኳረፉት ገና ባልተሠራ ስታዲየም ነው። ሰው የሚጣላው ባለ ነገር ነው፤ በድንበር፣ በአጥር፣ በጎረቤት ዶሮ። የእኛ ቤት ግን አንድ ድንጋይ እንኳ ባልተጣለበት፣ በወረቀት ላይ ብቻ ባለ ስታዲየም ለሁለት ተከፍሎ ከረመ። እኔ መሃል ላይ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ነኝ ያኔ። የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብሎ ካነበበው ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ያየሁትን ካልጻፍኩ የጠፋብኝ ይመስለኛል። ይሄንንም ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። ያን ሰሞን ግን ደስታ የት ነበረ! ቁጭ ማለት እንኳ አቅቶኝ ከእናቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እናቴ ስመላለስ ነው የከረምኩት።

መሃል ጅማ ላይ አሮጌ ኳስ ሜዳ አለ። ዙሪያው የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ መሃሉ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ከአንደኛው ጎል ጀርባ መሬቱ ወደ ጅረቱ ዘቅዘቅ ይልና ጥግ ይሠራል። እናቴ የምትሠራው እዚያ ጥግ ላይ ነበር። ከሰፈር ሴቶች ጋር ተደራጅተው ችግኝ ያፈላሉ፤ አብዛኛው ቡና ነው፣ ለቡናው ጥላ የሚሆን ዋንዛና ግራቪሊያም አለ፣ ትንሽ አቮካዶም። ጥቁሩን ፕላስቲክ በአፈር ይሞሉታል፣ በየመደቡ ይደረድሩታል፣ ከላይ በሣር ዳስ ያለብሱታል። ዝናቡ ሲይዝ ገበሬው ከሰቃም ከየቡም ከአጋሮም ይመጣና እየመረጠ ይወስዳል። እናቴ ቤት ውስጥ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። እዚያ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ስትጮህ ሌላ ሴት ትሆንብኛለች።

«ኮቱ! ና እዚህ! ሥሩን ሳታይ በቅጠሉ ነው የምትመርጠው? ሚስትህንም እንዲህ ነው የመረጥካት?»

ገበሬው ይስቃል፤ እጁ ላይ ያለውን መልሶ ሌላ ያነሳል።

አባቴ ደግሞ ሾፌር ነው፤ በአጋሮ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ጨዋታ ባለበት ቀን ተመልካች ጭኖ ይመጣል፣ ተመልካቹ እስኪወጣ ይጠብቅና መልሶ ይጭናል። የሚጠብቅበት ቦታ ግን የለም። መንገድ ዳር ከቆመ ትራፊኩ መጥቶ ታርጋውን ይፈታዋል። ታርጋው የተፈታበት ሾፌር የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ነው፤ አፉን ሞልቶ አይስቅም። አባቴ እንዲህ ሆኖ ሲመጣ አውቀዋለሁ። ምሳውን ሳይበላ እጁን ይታጠብና፣ «ሰው ጭኜ መጣሁ እንጂ ሰው ገጨሁ?» ይላል፤ ለማንም አይደለም፣ ለግድግዳው።

አንድ ቀን ግን እየበረረ ገባ።

«ሰማሽ?» አላት እናቴን፣ ገና በሩ ላይ እንዳለ። «ሜዳውን ስታዲየም ሊያደርጉት ነው! ፓርኪንግም አለው! ፓርኪንግ እኮ ነው የምልሽ፣ እንደ አዲስ አበባ!»

«እሰይ!» አለች እናቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «የት ጋ ነው ፓርኪንጉ?»

«ከጎሉ ጀርባ፣ ወደ ጅረቱ ዝቅ ብሎ ያለው…» አለና ቆመ። ከአፉ ሲወጣ ነው ለራሱም የገባው።

ቢላው ከተፋውን አቆመ።

«ከጎሉ ጀርባማ እኔ አለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ በኩል ማውራት ጀመሩ። ሦስታችን በአንድ ትሪ ቀርበን፣ እናቴ፣ «ለአባትሽ ንገሪው፤ ታኅሣሥ ላይ የተዘራ ቡና ክረምት ሳይገባ ከቦታው ካነቃነቁት ይደርቃል» ትላለች። አባቴ ሰምቷል፤ አጠገቧ ነው የተቀመጠው! ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ እኔ ቡና አድርቁ አላልኩም፣ የማቆምበት ስጡኝ ነው ያልኩት» ይላል።

«አባዬ፣ እየሰማችህ ነው እኮ።»

«አንቺ ንገሪያት።»

እነግራት ነበር። እየጎረስኩ። ሁለቱም እውነት ስላላቸው ነው የከፋው። አንዱ ዋሾ ቢሆን ኖሮ ከሌላው ጎን ቆሜ አርፍ ነበር። ጠዋት ታርጋ የሌለው ሚኒባስ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ሳይ የአባቴ ወገን እሆናለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ በሜዳው በኩል አልፌ፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ያወጡትን ቡናዎች ከዳሱ ሥር ሳያቸው የእናቴ ወገን እሆናለሁ። ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ከወገን ወደ ወገን ስገላበጥ አልጋዬ እንኳ ሰለቸኝ መሰለኝ፣ ሲጥ ሲጥ ይላል።

ከተማውም እንደኛ ቤት ሆነ። ጊንጆ ሰፈር ሻይ ቤት ብትገቢ ስታዲየም፣ ባጃጅ ብትሳፈሪ ስታዲየም። ባጃጅ ነጂዎቹ የአባቴ ወገን ናቸው። የእኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ኳሱን እንጂ ማቆሚያውን ምን አስጨነቃቸው፤ «ወንበሩ ጥላ አለው ወይ?» ነው ጥያቄያቸው። ይሄ ሁሉ ሳያንስ ሌላ ወሬ መጣ። ለስታዲየሙ ከሚወጣው ገንዘብ ሌላ፣ ከውጭ አገር «ለአረንጓዴ» ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ አለ አሉ። ለዛፍ፣ ለሣር፣ ለጥላ። ሌላ ነገር ላይ ማዋል አይቻልም አሉ።

እናቴ ይሄን የሰማች ቀን ፊቷ በራ። «አረንጓዴማ እኛ አይደለንም እንዴ?» አለች። አባቴ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ስብሰባ ተጠራ። ሞንታርቦ የጫነች መኪና በየመንደሩ እየዞረች፣ «በስታዲየሙ መኪና ማቆሚያና በአረንጓዴ ልማት ላይ ሕዝባዊ ውይይት ስለሚደረግ…» ስትል ዋለች። ጠዋት ሄድን፤ ተላልፏል ተባለ፣ ለቅሶ አለ። በሌላ ቀን ሄድን፤ ኃላፊው ፊልድ ወጥቷል። እናቴ በሄደች ቁጥር ነጠላዋን ለብሳ፣ ልትናገር ያሰበችውን በከንፈሯ እየደገመች ትሄዳለች፤ ስትመለስ ነጠላዋን ወርውራ ችግኟን ልታጠጣ ትወርዳለች። የአንድ ለአምስት ተጠሪያችን ደግሞ በራችንን አንኳኩታ፣ «እትዬ፣ በስብሰባው ላይ ሲናገሩ በልማቱ መንፈስ ይሁን እንጂ፣ ፀረ ልማት እንዳያስመስልብዎት» አለቻት።

«ችግኝ እያፈላሁ ፀረ ልማት?» አለች እናቴ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

በመጨረሻ የተደረገ ዕለት አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። ሞላ የምለው ለስታዲየሙ ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የስኳር ኩፖን ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ይታደላል ተብሎ ነው። ያን ጊዜ ስኳር ያለ ኩፖን አይታሰብም። ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑን መድረኩ ላይ፣ አንድ ዓይኑን በሩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ሾፌሮቹ በሌላ በኩል። እኔ የእናቴን ቦርሳ ይዤ ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ፤ ከዚያ ሁለቱንም አያለሁ።

አንድ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ተነስተው በኦሮምኛ መረቁ፤ እኛም «አሚን» እና «ሃተኡ»፣ ይሁን ይሁን፣ እያልን ተቀበልን። ከዚያ አወያዩ ተነሳ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ሲናገር መነጽሩን በአንድ ጣቱ ወደ ላይ የሚገፋ ሰውዬ። ፕላኑን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ያምራል፣ አይካድም። መሃሉ አረንጓዴ፣ ዙሪያው ወንበር፣ በወንበሩ ዙሪያ ደግሞ ክብ ክብ እየተደረገ የተቀባ ዛፍ። ከጎሉ ጀርባ ያለው ጥግ ግራጫ ነው። በግራጫው ላይ ትንንሽ መኪኖች ተሥለውበታል።

እናቴ ግራጫውን አየችው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

«እስቲ ቤቱ ሐሳብ ይስጥበት» አለ አወያዩ።

የእናቴ ጓደኛ፣ አብራት የምታፈላው፣ ድምፅዋ ከአዳራሽ አልፎ የሚሰማ ሴትዮ ተነሳች። «ይሄ አረንጓዴ ገንዘብ የምትሉት፣ ያለውን አረንጓዴ ነቅሎ ሌላ አረንጓዴ ለመትከል ነው? ልጅን ከቤት አስወጥቶ ማደጎ እንደማምጣት ነው እኮ!»

ሴቶቹ ሳቁ። አወያዩ ገንዘቡ የሚሰጠው ለአዲስ ተክል መሆኑን፣ ያለውን ለማቆየት የሚል መመሪያ እንደሌለው አስረዳ። የሚያስረዳው በትህትና ነው፤ ሰውዬውን ልጠላው ፈልጌ አልቻልኩም።

አንድ ባጃጅ ነጂ ከኋላ ሆኖ፣ «ችግሩ ቀላል ነው!» አለ። «ባጃጆቻችንን ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ እንቀባቸው። ገንዘቡም ይለቀቃል፣ ማቆሚያውም አረንጓዴ ይሆናል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ሙድ አትያዝ አንተ!» አለ አንዱ። ሌላው ግን ምር ብሎ፣ ማቆሚያው ላይ ሣር ቢነጠፍ እንደ አረንጓዴ ይቆጠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። «መኪና የሚቆምበት ሣር ስንት ቀን ሣር ይሆናል?» አሉት። እንዲህ እንዲህ እያለ ክርክሩ ጦፈ።

እናቴ ተነስታ ተናገረች። አጭር ነበር። ችግኙ ለገበሬው የሚደርሰው ክረምት ሲገባ መሆኑን፣ አሁን ከተነሳ የዓመት ሥራቸው እንደሚደርቅ፣ ጅረቱ ቅርብ ስለሆነ ውሃ ከሌላ ቦታ እንደማይሸከሙ። ከንፈሯ ላይ ስትደግመው የከረመችውን ሁሉ ሳትጨርስ ተቀመጠች።

ከዚያ አባቴ እጁን አወጣ።

እኔ ቦርሳውን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። አባቴ ተነሳ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ወደ ሴቶቹ ላለማየት ወደ ፕላኑ አየ።

«እኔ ሾፌር ነኝ። ብዙ አላወራም» አለ።

አባቴ ብዙ አላወራም ካለ ሰው ምሳውን ይዞ መምጣት አለበት። ከታርጋው ጀመረ። ከታርጋው ወደ ትራፊኩ ሄደ፣ ከትራፊኩ ወደ መናኸሪያው ጥበት፣ ከመናኸሪያው ወደ አጋሮ መንገድ ኩርባዎች፣ አንዱ ኩርባ ላይ ጎማው እንዴት እንደፈነዳ፣ ጎማው እስኪለወጥ የወረደው ተሳፋሪ እንዴት ጃንጥላውን ረስቶ እንደሄደ። ሰው መነቃነቅ ጀመረ። በር ላይ የኩፖኑ ልጅ ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ቋ አለ፤ ሁሉም ዞረ። አባቴ ግን ጃንጥላውን ለባለቤቱ የመለሰበትን ታሪክ ገና መጀመሩ ነው።

እንግዲህ በእኛ አዳራሽ ጭብጨባ ብዙ ሥራ አለው። እንግዳ ሲገባ ይጨበጨባል፣ ሲወጣ ይጨበጨባል። አንድ ነገር ሲጸድቅም እጅ ከማውጣት ይልቅ ይጨበጨባል፤ ይፈጥናላ። ተናጋሪ ሲያስረዝም ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሰውዬው አፍሮ ቁጭ እስኪል ሞቅ ተደርጎ ይጨበጨብለታል። ይሄን የማያውቅ የጅማ ልጅ የለም።

ለአባቴም ተጨበጨበለት። ሾፌሮቹ ራሳቸው ናቸው የጀመሩት! አዳራሹ ተቀበለ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነውና ዝናብ የመጣ መሰለ። አባቴ አፉን እንደከፈተ ቆሞ ቀረ።

አወያዩ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። ፊቱ ደስ ብሎታል።

«በጣም ጥሩ! እንግዲህ ቤቱ ስሜቱን በጭብጨባ ገልጿል። የመኪና ማቆሚያው በፕላኑ መሠረት ከጎሉ ጀርባ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ግሬደሩም በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ይጀምራል። እናመሰግናለን!»

ሰውም፣ እናመሰግናለን ሲባል እጁ ለምዶበት፣ እንደገና አጨበጨበ። የእናቴ ጓደኛ ሳይቀር! ሁለቴ ካጨበጨበች በኋላ ነው እጆቿን አየር ላይ ያቆመቻቸው። «ምንድን ነው ያልነው?» አለች ዙሪያዋን እያየች። ግማሹ ሰው ተነስቶ ወደ ኩፖኑ መጋፋት ጀምሯል። እናቴ እንደተቀመጠች ናት። ግራጫውን ቦታ ነው የምታየው። በሚቀጥለው ሳምንት! ሁለት ቅጠል ያላቸው ሁሉ፣ ዳሱ፣ መደቡ። ልጮህ ፈለግኩ፣ ምን ብዬ እንደምጮህ አጣሁ።

«ሥነ ሥርዓት!»

አባቴ ነው። አልተቀመጠም ነበር።

«ሥነ ሥርዓት እንዲከበር እጠይቃለሁ!» አለ ኮፍያውን እያውለበለበ።

«ወንድሜ» አለ አወያዩ ፈገግ ብሎ፣ «ሐሳብዎ እኮ አልፏል። አሸንፈዋል!»

«አላሸነፍኩም። ይሄ ሰው ያጨበጨበው ለማቆሚያው አይደለም። እንድቀመጥ ነው።»

የሚጋፉት ቆሙ።

«አሰልችቻቸው ነው ያጨበጨቡት» አለ አባቴ። አንገቱ ድረስ ቀልቷል። «እኔ ሾፌር ነኝ፤ ከኋላዬ ጥሩምባ ሲነፋብኝ አውቃለሁ። ይሄ ጥሩምባ ነው፣ እልልታ አይደለም።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ሾፌሮቹ በጉልበታቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። «እውነቱን ነው፣ ጃንጥላው ገደለን!» አለ አንዱ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሮ አላየሁትም፤ እንደዚያ ቀንም ቀጥ ብሎ ቆሞ አላየሁትም።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ተይዟል እኮ» አለ አወያዩ፣ አሁን ፈገግታው ቀንሶ።

የመረቁት ሽማግሌ ከፊት ወንበር ተነሱ። «ልጄ፣ ይሰረዛ። እኔም ያጨበጨብኩት ወገቤን አሞኝ ነው፤ ይቀመጥልኝ ብዬ ነው። ወላሂ። ሌላ ነገር አላጸደቅኩም።»

ከዚህ በኋላ አወያዩ ምን ይበል? እጅ ይውጣ ተባለ። «ማቆሚያው ከጎሉ ጀርባ ይሁን የሚል?»

የሾፌሮቹ እጅ ወጣ። የባጃጆቹ ወጣ። የአባቴም ወጣ! እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አሁን ተሟግቶ ያስቆመውን ነገር፣ እጁን እስከ ላይ ዘርግቶ። እናቴ ዞራ አየችው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ፣ እጁን ግን አላወረደም። ተቆጠረ። ሴቶቹ ተቆጠሩ። ማቆሚያው በለጠ።

በለጠ፣ ግን ሽማግሌው አልተቀመጡም ነበር። «አሁን በትክክል ተባለ» አሉ። «እንግዲህ በትክክል ከተባለ እኔም ልጨምር። ማቆሚያው ይሁን። ግን ቡቃያ ላይ መኪና አይቆምም። ክረምቱ ይግባ፣ ችግኙ ገበሬው እጅ ይድረስ። ለሴቶቹ ደግሞ ውሃ ያለው ምትክ ቦታ ይሰጣቸው። ያ አረንጓዴ የምትሉት ገንዘብ ሌላ ምን ያደርጋል? ለቦታው የዛፍ አጥር ይሁን። ይሄን የሚል እጁን ያውጣ፤ የሚያጨበጭብ ግን ከእኔ ይጣላል!»

እጅ ደን ሆነ። ሾፌሮቹም አወጡ። አወያዩ ጻፈ፣ ፊታችን ላይ አንብቦ አሰማ፣ ቦታውን ራሱ እንደሚያስረክብ ቃል ገባ። ከዚያ ኩፖን።

ወደ ቤት ስንመለስ ሦስታችንም በእግር ነበርን። እኔ ከኋላ ስኳሩን ይዤ። እነሱ ተራርቀው ከፊቴ ይሄዳሉ። ልዞርና በመሃላቸው ልግባ፣ መልእክት ካለ ላድርስ ብዬ ስፈጥን፣ እናቴ በቀጥታ ለእሱ ተናገረች።

«እጅህን ግን አወጣህ።»

«አወጣሁ» አለ። «ማቆሚያ ያስፈልገኛል። ምን ልበል?»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ? አልቆልህ ነበር።»

አባቴ ኮፍያውን አስተካከለ። «እኔ ላይ በተነፋ ጥሩምባ ያንቺን መሬት ልውሰድ? ቤት ገብቼ እራት ልበላ?»

እናቴ ትንሽ ሄደች፣ ሄደችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። «ብዙ አላወራም!» አለች፣ ድምፁን አስመስላ። «ጃንጥላውን ለምንድን ነው የነካካኸው አንተ ሰውዬ?»

ክረምቱ ገባ። ገበሬው መጣ፣ ቡናው ተመርጦ ተወሰደ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መደቦቹ እየሳሱ፣ ዳሱ ሥር ቀይ አፈር እየታየ ሄደ። የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት የሚያድገው ነበር፤ አቮካዶው፣ ያላደገው ዋንዛና ግራቪሊያ። ምትክ ቦታው ግን የለም። አወያዩ፣ ማለት የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ፣ «ነገ ኑ» ይላል። ነገ ስንሄድ «ቀያሹ አልመጣም።» ቀያሹ ሲመጣ «ማኅተም ያለው ሰው ስልጠና ሄዷል።» ግሬደሩ ግን ቀኑን አልረሳም። ጠዋት ላይ ከጎሉ ጀርባ ቆሞ ሲያጓራ እናቴና ጓደኞቿ የቀረውን በካርቶን፣ በሳፋ፣ በቀሚሳቸው እያደረጉ ወደ መንገዱ አወጡት። አባቴ ሚኒባሱን አመጣ። ወንበሩን ነቅሎ፣ ከላይም ከታችም ጫነው። ሁለት ምልልስ፣ ሦስት ምልልስ። ሁሉም ወደ እኛ ግቢ።

የእኛ ግቢ ደግሞ ምን ያህል ነው? ከበሩ እስከ ቤቱ ችግኝ፣ ከቤቱ እስከ ኩሽናው ችግኝ። ልብስ ለማስጣት በአንድ እግሬ ነበር የምቆመው። ጎረቤት ሊጠይቅ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጥቶ ይመለሳል። ሚኒባሱም ማደሪያ አጣና አባቴ ወስዶ ከጎሉ ጀርባ፣ አዲሱ ማቆሚያ ላይ ማቆም ጀመረ፤ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ደስ ብሎት ነው የሚሄደው እንዳልል፣ ከዚያ እስከ ቤት በዝናብ በእግሩ ይመጣል፣ ገብቶም የት እንደሚረግጥ አያውቅም። «ሴትዮ፣ አንዱን ረገጥኩት መሰለኝ!» ይላል ከጨለማው።

እናቴ አላረፈችም። ማመልከቻ እንድጽፍላት አዘዘችኝ። እኔ ማመልከቻ! ከድርሰት ይበልጣል ብዬ ሌሊቱን በልቤ ሳረቅ አደርኩ። «በክቡርነትዎ ፊት በታላቅ ትህትና» ብዬ ጀመርኩ፤ እናቴ ሰምታ፣ «ትህትናውን ቀንሺና ቦታውን ጨምሪ» አለችኝ። ይዘን ሄድን። ሰውዬው አነበበው፣ «ማን ነው የጻፈው? ጎበዝ!» አለ፤ ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ፋይል ውስጥ ከተተውና፣ «ነገ ኑ» አለን።

በማግሥቱ እናቴ አንድ አቮካዶ ችግኝ በፕላስቲኩ ይዛ ሄደች። ሰውዬው «ነገ ኑ» ሲል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እናቴ?»

«ግቢዬ ሞላብኝ፤ ቦታ እስኪገኝ እዚህ ይቆይልኝ። በየሁለት ቀኑ ውሃ ይፈልጋል።»

«ቢሮ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ። አረንጓዴ ትወዱ የለም?»

በነጋታው ሌላ ወሰደች። ከዚያም ሌላ። «ነገ ኑ» ባለ ቁጥር አንድ። መስኮቱ ላይ ዋንዛ፣ የፋይል ሳጥኑ ላይ ግራቪሊያ። የቢሮው ጸሐፊ ወደደቻቸው፣ በሻይ ብርጭቆ ታጠጣቸዋለች። ባለጉዳይ እየገባ፣ «ስንት ነው አንዱ?» ይለዋል ሰውዬውን። አንድ ጠዋት ገብተን ገና «እንደምን አደርክ» ስንል፣ እናቴ እጅ ላይ ያለውን አቮካዶ አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ክርኑን የሚያሳርፍበት የለም። መነጽሩን አወለቀና ሳቀ። ጃንጥላውን አነሳ።

«ኑ እንሂድ» አለ። «ቀያሹንም በመንገድ እንጠራዋለን።»

ቦታው ወደ ጅሬን መውጫ፣ ጅረቱ ገና ቀጭን የሆነበት ጋ ነው። ሙጃ ወርሶታል፣ መሬቱ ትንሽ ያዘቀዝቃል፣ ግማሹ ድንጋይ ነው። እናቴ ወረቀቱን አልጠየቀችም። በቀጥታ ወደ ጅረቱ ወረደች፣ ጎንበስ ብላ ውሃውን በእጇ ዘግና አየችው፣ ከዚያ ወደ ላይ ተመለሰች። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሸብ አድርጋ ሙጃውን በእጇ መንቀል ጀመረች። ቀያሹ ወሰኑን ይለካል። ሰውዬው ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሟል፤ ይሂድ ይቆይ ግራ ገብቶታል።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አለችኝ እናቴ። «ከዚያ ጫፍ ጀምሪ!»

ጀመርኩ። እጄን ቆረጠኝ፣ ጭቃው እስከ ክርኔ ወጣ፣ ዝናቡ ካፊያ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ከመንገዱ ጥሩምባ ሰማን። አባቴ ነው፤ ወሬው ደርሶት ከግቢያችን የመጀመሪያውን ጭነት ይዞ መጥቷል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከኋላው አንድ ባጃጅና አንድ አህያ ቆመው ይጠብቁታል። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«የት ላቁመው?»

እናቴ ቀና ብላ መሬቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች።

«እዚህማ እንዳታስበው!» አለች። «አራግፍና ሂድ!»